ጊዜያዊ የዝናብ ኩሬዎችና በውስጣቸው የሚኖሩ አከርካሪ አልባ እንስሳት፦ ለሳንሱሲና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ መረጃ

ጊዜያዊ የዝናብ ኩሬ ማለት በዝናብ ወቅት የሚሞላ፣ በበጋ ሙሉ በሙሉ የሚደርቅ፣ ከወንዝም ሆነ ከሐይቅ ጋር ቋሚ ግንኙነት የሌለው የቆመ ውኃ ነው። በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በሳንሱሲና በዙሪያው እንዲህ ያለ ውኃ ከሰኔ ጀምሮ በልዩ ልዩ ቦታ ይታያል። ድንጋይ ወጥቶባቸው ክፍት የቀሩ የካባ ጉድጓዶች፣ ተቆፍሮ ሥራው የቆመ የሕንፃ መሠረት፣ ደለልና ቆሻሻ የደፈነው የመንገድ ዳር ቦይ፣ ከብት የረገጠው ረግረግ፣ ሌላው ቀርቶ ከግቢ ጥግ የተጣለ የመኪና ጎማ ውኃ ይይዛል። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ከ1,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ጥቁር አፈር ባለበት ሥፍራ ደግሞ አፈሩ ሲርስ አብጦ ስንጥቁን ስለሚዘጋ ውኃው ወደ ውስጥ አይሰርግም፤ ኩሬው ዝናቡ ካቆመ በኋላም ለሳምንታት ይቆያል።

እንዲህ ያለው ኩሬ ከላይ ሲታይ ሕይወት የሌለበት የጭቃ ውኃ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከሞላ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ በነጭ ኩባያ ተቀድቶ በብርሃን ቢታይ በዓይን ብቻ የሚለዩ ብዙ ዓይነት አከርካሪ አልባ እንስሳት ይገኙበታል። ከእነዚህ የሰውን ጤና የሚነኩት ጥቂቶቹ ናቸው። የቀሩት ጉዳት የላቸውም፤ አንዳንዶቹም የትንኝ እጭ እየበሉ ይጠቅማሉ። የጤና ባለሙያዎች በየክረምቱ ውኃ ያቆሩ ቦታዎችን ስለ ማፋሰስና ስለ ማዳፈን የሚሰጡትን ምክር በአግባቡ ለመፈጸም፣ የትኛው እንስሳ በየትኛው ውኃ እንደሚራባና ውኃው ሲደርቅ ምን እንደሚሆን ማወቅ ያስፈልጋል። አንዱን የሚገድለው ድርቀት ሌላውን ለሚቀጥለው ክረምት ያቆየዋልና።

ኩሬው ሲደርቅ እንስሳቱ ምን ይሆናሉ

በጊዜያዊ ኩሬ የሚኖር እንስሳ ሁሉ መኖሪያው በየዓመቱ ይጠፋበታል። ይህን የሚያልፉበት መንገድ በሦስት ሊከፈል ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ ራሳቸው ሞተው እንቁላላቸውን ለድርቀት የሚተዉ ናቸው። ከሸርጣንና ከሽሪምፕ ወገን የሆኑ ጥቃቅን የውኃ እንስሳት በዚህ ይታወቃሉ። ዳፍኒያ በውኃ ውስጥ እየዘለለች ስለምትሄድ የውኃ ቁንጫ ትባላለች። ኦስትራኮድ ከጤፍ ፍሬ ብዙም በማይበልጥ፣ እንደ ባቄላ ክክ ሁለት ሆኖ በሚገጠም ቅርፊት ውስጥ ይኖራል። ፌሪ ሽሪምፕ የተባለችው ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር የምታክል፣ በጀርባዋ ተገልብጣ ብዙ ጥንድ እግሮቿን እያርገበገበች የምትዋኝ እንስሳ ናት። እንዲህ ያለችው እንስሳ ዓሣ ባለበት ውኃ በቀላሉ ተበልታ ስለምታልቅ፣ ዓሣ የማይኖርበት የሚደርቅ ኩሬ ለእርሷ መጠጊያ ነው። እንቁላሏ በጠንካራ ሽፋን ተከልሎ በደረቀ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ነፋስ ከአቧራ ጋር፣ ከብትና ወፍ ከእግራቸው ጭቃ ጋር ወደ ሌላ ጉድጓድ ይወስዱታል። በመጀመሪያው ዝናብ ሁሉም እንቁላል አይፈለፈልም። ከፊሉ ለሚቀጥለው ወይም ከዚያ ለሚቀጥለው ክረምት ይቆያል። ዘሩን ሁሉ በአንድ ዝናብ የማይጨርስ ገበሬ እንደሚያደርገው መሆኑ ነው፤ ዝናቡ ቀድሞ ቢቋረጥና ኩሬው ሳይበስሉ ቢደርቅ ዘሩ አይጠፋም።

በዚህ ረገድ እስከ ዛሬ ከታወቁት ሁሉ የሚያስደንቀው ናይጄሪያን በመሳሰሉ የአፍሪካ አገሮች በዓለት ላይ በሚያቁር ውኃ የሚኖር፣ ፖሊፔዲለም ቫንደርፕላንኪ የሚባል የማይናከስ ትንኝ መሰል ነፍሳት ነው። እንቁላሉ ሳይሆን እጩ ራሱ በሰውነቱ ያለውን ውኃ ከሞላ ጎደል አሟጦ፣ በምትኩ ትሬሃሎዝ የተባለ የስኳር ዓይነት አከማችቶ ይደርቃል። ከዓመታት በኋላ ውኃ ሲያገኝ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ እንደገና መንቀሳቀስ ይጀምራል።

ሁለተኛዎቹ ወደ ጭቃው ጠልቀው ወይም በሣር ሥር ተሸሽገው በጋውን የሚያሳልፉ ናቸው። ቀንድ አውጣና አልቅት ከእነዚህ ይመደባሉ። ሦስተኛዎቹ ክንፍ ያላቸው ናቸው፤ የውኃ ጢንዚዛዎች፣ በጀርባቸው የሚዋኙ የውኃ ትኋኖች፣ እንዲሁም አራት ረጃጅም ክንፍ ያሏቸውና በኩሬ ላይ ሲያንዣብቡ የሚታዩት ነፍሳት ውኃው ሲያልቅ ወደ ቋሚ ውኃ ይበርራሉ፤ በክረምት ተመልሰው እንቁላላቸውን በአዲሱ ኩሬ ይጥላሉ። ለሳንሱሲ ቅርብ የሆኑት የገፈርሳ ግድብና የትንሹ አቃቂ ወንዝ እንዲህ ላሉት የበጋ ማረፊያ ሊሆኑ የሚችሉ ውኃዎች ናቸው።

ትንኝ በአንድ ስም ትጠራ እንጂ በዚህ አከፋፈል ሁሉም በአንድ ወገን አይቆሙም። ወባን የምታስተላልፈው አኖፌለስ ከሦስተኛዎቹ ናት። እንቁላሏ በእርጥብ አፈር ላይ ጥቂት ቀናት ቢቆይም ረጅሙን በጋ አያልፍም። ደንጊና ቺኩንጉንያ የተባሉትን በሽታዎች የምታስተላልፈው ኤደስ ኤጂፕቲ ግን እንቁላሏን ከውኃው ከፍ ብሎ በዕቃ ግድግዳ ላይ ስለምትለጥፍና እንቁላሉ ለወራት በደረቁ ስለሚቆይ ከመጀመሪያዎቹ ትመደባለች። በቤትና በግቢ የሚወሰደው የመከላከል እርምጃ በሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት ውጤት የማይኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

በሳንሱሲ ከፍታ የወባ ሥጋት ምን ያህል ነው

ሳንሱሲ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል። በኢትዮጵያ ወባማ የሚባሉት ቦታዎች በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ያሉት ናቸው፤ እነዚህም ከአገሪቱ የቆዳ ስፋት ሦስት አራተኛ ገደማ ይሸፍናሉ። ለልዩነቱ ዋናው ምክንያት ሙቀት ነው። ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ ዕድገቱን ለመጨረስ ከ16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ሙቀት ይፈልጋል። የአዲስ አበባ አማካይ ሙቀት ከዚህ ብዙም ስለማይርቅ ተውሳኩ ለሰው ከመተላለፉ በፊት ትንኟ ዕድሜዋን ትጨርሳለች። በሳንሱሲ ማታ ማታ በጆሮ ሥር የምትጮኸው ቢምቢ አብዛኛውን ጊዜ ኩሌክስ የተባለችው፣ በቆሻሻ ቦይና በሽንት ቤት ፍሳሽ የምትራባው ዓይነት ናት። ትነክሳለች፣ እንቅልፍም ትነሣለች፤ ወባን ግን አታስተላልፍም።

እጮቹን ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ አይደለም። የኩሌክስና የኤደስ እጭ በጅራቱ በኩል ባለች የመተንፈሻ ቀሰም ከውኃው ገጽ ተንጠልጥሎ ጭንቅላቱን ወደ ታች ያዘቀዝቃል። የአኖፌለስ እጭ ግን እንዲህ ያለ ቀሰም ስለሌለው ከውኃው ገጽ ጋር ተስተካክሎ ይተኛል። ያደገችው አኖፌለስም ግድግዳ ላይ ስታርፍ ጅራቷን ወደ ላይ ቀስራ፣ በጭንቅላቷ እንደ ተተከለች ሆና ትታያለች።

ከፍታው ግን የማያወላውል ዋስትና ተደርጎ መወሰድ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1958 ዝናብና ሙቀት ከወትሮው በበዛበት ዓመት በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች፣ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባሉ ሥፍራዎች የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንዳሳመመና 150,000 ያህል ሰዎችን እንደገደለ ይገመታል። ሕዝቡ ለወባ የቆየ የመቋቋም አቅም ስላልነበረው ጉዳቱ የከፋ ሆነ። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመው በሚቀጥለው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በራሷ በአዲስ አበባ ዙሪያም፣ ከሳንሱሲ ጥቂት መቶ ሜትር ዝቅ ብላ በምትገኘው በአቃቂ፣ ወባ በአካባቢው ትንኞች እንደሚተላለፍ እ.ኤ.አ. በ2004 በኢትዮጵያ ጤና ልማት መጽሔት በወጣ ጥናት ተረጋግጧል።

ለሳንሱሲ ነዋሪ ከኩሬው ይልቅ የሚያሳስበው መንገዱ ነው። በአካባቢው በኩል በቡራዩና በሆለታ አድርጎ ወደ አምቦና ወደ ወለጋ የሚወስደው አውራ ጎዳና ደጋውን ከወባማው ምዕራብ ጋር ያገናኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ሪፖርት ተደርጓል፤ የኦሮሚያ ክልል ምዕራባዊ ዞኖች ክፉኛ ከተጎዱት መካከል ነበሩ። ለዘመድ ጥየቃ፣ ለለቅሶ፣ ለንግድ ወይም ለቀን ሥራ ወደ ቆላ ሄዶ የተመለሰ ሰው ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ወይም ማስመለስ ቢሰማው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ የደም ምርመራ ማድረግ፣ የት ቆይቶ እንደመጣም ሳይጠየቅ ለባለሙያው መናገር ይኖርበታል። ምልክቱ ከተመለሱ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊጀምር ይችላል። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት በጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚቆይ ከወራት በኋላም ሊያገረሽ ይችላል፤ በደጋ የሚኖር ሰው ጉዞውን ረስቶ ትኩሳቱን የጉንፋን አድርጎ ሲወስደው ሕክምናው ይዘገያል። ወደ ወባማ አካባቢ የሚጓዝ ሰው ኬሚካል በተነከረ አጎበር ውስጥ መተኛት ይኖርበታል።

የቱ ኩሬ ትንኝ ያፈራል

በኢትዮጵያ ዋናዋ ወባ አስተላላፊ አኖፌለስ አረቢየንሲስ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ጥልቀት የሌለው፣ ሣር ያልበቀለበት አዲስ ውኃ ትመርጣለች። የከብት ኮቴ የተወው ጉድጓድ፣ ለጡብ ወይም ለምርጊት አፈር የወጣበት ቦታ፣ የተሽከርካሪ ጎማ የሠራው ፈለግ ለእርሷ ተስማሚ ናቸው። ምክንያቱ ከእንስሳቱ አመጣጥ ቅደም ተከተል ጋር የተያያዘ ነው። አዲስ በሞላ ጉድጓድ ውስጥ የትንኝ እጭ ጠላት ገና አልደረሰም። ጢንዚዛው፣ የውኃ ትኋኑና ሌሎቹ እጭ በላተኞች የሚመጡትና የሚበዙት ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ትንኟ ግን በሞቃት አካባቢ ከእንቁላል ተነሥታ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ክንፍ ታወጣለች። በሳንሱሲ ቅዝቃዜ ይህ ጊዜ ይረዝማል።

ስለዚህ ብዙ ዓይነት እንስሳት የሚታዩበት የቆየ ሣራማ ኩሬ ሰው እንደሚያስበው ዋናው የትንኝ ምንጭ ላይሆን ይችላል። ባለፈው ሳምንት የተቆፈረና በማግሥቱ ዝናብ የሞላው ጉድጓድ ይብሳል። ጊዜና ጉልበት ሲያጥር መጀመሪያ መደፈን ያለባቸው እንዲህ ያሉ ትንንሽና አዳዲስ ውኃ መያዣዎች ናቸው። በሳምንት አንድ ቀን ግቢን፣ ደጅንና የሠፈር ቦይን ዞሮ ማየትና ውኃውን ማፍሰስ እጩ ክንፍ ከማውጣቱ በፊት ይደርስበታል፤ በየቀኑ ማድረግ አያስፈልግም።

በዕቃ ውስጥ ያለ ውኃ

እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪደሃር ከተማ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች፣ ቀድሞ በእስያና በዓረብ አገሮች የምትታወቅ የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገኘች። ይህች ትንኝ ከሌሎቹ የአገሪቱ ወባ አስተላላፊዎች በተለየ በከተማ፣ በሮቶ፣ በበርሜል፣ በሲሚንቶ ገንዳና ለግንባታ በተጠራቀመ ውኃ ትራባለች። በድሬዳዋ እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ግንቦት 2019 ድረስ 205 የነበረው የወባ ሕሙማን ቁጥር በ2022 በተመሳሳይ ወራት 2,425 ደርሷል፤ በተደረገው ጥናትም ጭማሪው ከዚህች ትንኝ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። በዚያችው ከተማ ኤደስ እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ፣ በ2019 የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ አስነሥታለች።

ድሬዳዋ ሞቃት ቆላ ስለሆነች የሁለቱ ከተሞች ሁኔታ አንድ አይደለም። ውኃ በፈረቃ የሚያገኝ ቤተሰብ በበርሜልና በሮቶ ውኃ ማጠራቀሙ ግን በሳንሱሲም ያው ነው። ትንኝ እንዳትገባ የሮቶና የበርሜል ክዳን በሚገባ መገጠም አለበት፤ ክዳኑ ከተሰበረ በወንፊት ጨርቅ ሸፍኖ ማሰር ይቻላል። ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጉዳይ ዕቃውን መፈተግ ነው። የኤደስ እንቁላል ከግድግዳው ስለሚጣበቅ ውኃውን ደፍቶ እንደገና መሙላት እንቁላሉን ከማንቃት በቀር ጥቅም የለውም። ዕቃው በየሳምንቱ ባዶ ሲሆን በብሩሽ ወይም በሸካራ ጨርቅ ተፈትጎ መታጠብ ይኖርበታል። አሮጌ ጎማ ውኃ እንዳይዝ መበሳት ወይም ዝናብ ከማይደርስበት ቦታ መክተት በቂ ነው።

ሳይክሎፕስ፦ እዚህ ምንም የማያደርግ፣ ጋምቤላ በሽታ የሚሸከም

በኩሬ ውኃ ውስጥ እንደ ነጭ ነጥብ ዘለል ዘለል ሲል የሚታየው ሳይክሎፕስ አንድ ዓይን ብቻ ያለው፣ ከሁለት ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ እንስሳ ነው። ዘመዶቹ በመላው ዓለም በቆመ ውኃ ይኖራሉ። በሳንሱሲ ኩሬ የሚገኘው የሚሸከመው በሽታ የለም። በጋምቤላ ክልል ግን ይኸው እንስሳ የጊኒ ዎርም እጭ ይውጣል። ሰው ውኃውን ሳያጣራ ሲጠጣ ሳይክሎፕሱ በሆድ ዕቃ ውስጥ ይሞታል፤ እጩ ግን ወጥቶ በሰውነት ውስጥ ያድጋል። ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ እስከ አንድ ሜትር የሚደርስ ትል፣ በአብዛኛው በእግር በኩል፣ ቆዳን በስቶ መውጣት ይጀምራል። ሕመምተኛው የሚያቃጥለውን ቁስል ለማብረድ እግሩን ኩሬ ውስጥ ሲነክር ትሏ እጮቿን ትለቅቃለች፤ ሳይክሎፕስም ይውጣቸዋል።

ለዚህ በሽታ ክትባትም ሆነ ትሉን የሚገድል መድኃኒት የለም። ይሁንና ከመጥፋት አፋፍ ደርሷል። በዓለም ደረጃ በ1980ዎቹ አጋማሽ በዓመት ወደ 3.5 ሚሊዮን ይገመቱ የነበሩት ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 14 ወርደዋል። በኢትዮጵያ የማጥፋት ፕሮግራሙ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ሲሠራ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 በጋምቤላ ክልል በአቦቦ ወረዳ በአንድ ትልቅ እርሻ ለሥራ ከሌላ አካባቢ የመጡ ሠራተኞች ያልተጣራ የኩሬ ውኃ በመጠጣታቸው 15 ሰዎች ታመሙ። በ2018ና በ2019 አንድም ሰው አልተያዘም፤ በ2020 ግን 11 ሰዎች ተይዘዋል። ውሾችና ዝንጀሮዎችም በትሉ መያዛቸው ማጥፋቱን አዘግይቶታል። ወደ ጋምቤላ ለሥራ የሚሄድ ሰው ጥቅጥቅ ባለ ንጹሕ ጨርቅ ወይም በዚያ በሚታደለው ማጣሪያ ውኃን አጣርቶ መጠጣት ይገባዋል። ሳይክሎፕስ በዓይን የሚታይ በመሆኑ ጨርቅ ያስቀረዋል፤ ባክቴሪያን ግን ጨርቅ አያስቀርም።

አልቅትና ቀንድ አውጣ

በደጋው አልቅት የታወቀ የከብት ጠላት ነው። ሰውም በኩሬ ወይም በምንጭ ተጎንብሶ በአፉ ሲጠጣ ክር የመሰለ ትንሽ አልቅት አብሮ ሊገባ ይችላል። በአፍንጫ ውስጠኛ ክፍል ወይም በጉሮሮ ተጣብቆ ደም እየመጠጠ ያድጋል። ያለ ምክንያት የሚደጋገም ነስር፣ ደም የቀላቀለ ምራቅ፣ የድምፅ መጎርነን ወይም በጉሮሮ የሚንቀሳቀስ ነገር መሰማት ምልክቶቹ ናቸው። በሕፃናት ላይ የደም ማነስና የመተንፈስ ችግር ሊያስከትል ስለሚችል በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። በቤት ውስጥ ለማውጣት ተብሎ ትምባሆ ወይም ሌላ ነገር በአፍንጫ መጨመር አደገኛ ነው። ሐኪም ሲያወጣው ቀላል ነገር ነው።

በረግረግ ዳር የሚኖረው ጋልባ ትሩንካቱላ የተባለ፣ ከአንድ ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ቀንድ አውጣ ከብትና በግ ለሚያረቡ ነዋሪዎች ትልቅ ጉዳይ ነው። በጋውን በጭቃ ውስጥ ተሸሽጎ ያልፋል፣ ሲዘንብ ይነሣል፣ በፍጥነትም ይራባል። በእርሱ ውስጥ የሚያድገው የጉበት ትል እጭ ወጥቶ በኩሬ ዳር ሣር ላይ ይጣበቃል። ከብቱ ሣሩን ሲግጥ ትሉ ወደ ጉበት ይገባል፤ እንስሳው ይከሳል፣ ወተቱ ይቀንሳል፣ በጎች በተለይ ሊሞቱ ይችላሉ፤ በእርድ ጊዜም ጉበቱ ይጣላል። ከመስከረም በኋላ ሌላው ሜዳ ሲደርቅ ከብቱ ሁሉ በረግረጉ ዳር ስለሚሰበሰብ አደጋው ያን ጊዜ ይጨምራል። ከኩሬ ዳር ታጭዶ ወዲያው ለታሰረ ከብት የሚሰጥ እርጥብ ሣርም ያንኑ እጭ ይዞ ይመጣል። መድኃኒቱ መቼ መሰጠት እንዳለበት የአካባቢውን የእንስሳት ጤና ክሊኒክ መጠየቅ ይገባል።

የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች በአብዛኛው የሚገኙት ከዚህ ሞቅ ባሉ አካባቢዎች፣ በሐይቅ ዳርቻ፣ በመስኖ ቦይና በዝግታ በሚፈስስ ወንዝ ነው። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው እንዶድ ለዚህ በሽታ መከላከያ እንዲጠና ምክንያት ሆኗል፤ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ይህን ሰምቶ እንዶድን በራስ ውሳኔ ኩሬ ውስጥ መጨመር ግን አይመከርም፤ ሌሎችንም የውኃ እንስሳት ይገድላል።

ማፋሰስና ማዳፈን እንዴት ይከናወን

ኩሬን ለማጥፋት የተሻለው ጊዜ ከክረምቱ በፊት፣ ግንቦት ላይ ነው። በደረቁ ጊዜ ጉድጓድን በአፈርና በድንጋይ መሙላት ከሐምሌ ጭቃ ጋር ከመታገል ይቀልላል። የተሞላው ቦታ ተጠቅጥቆ ከአካባቢው ጥቂት ከፍ ማለት አለበት፤ ካልሆነ አፈሩ ሲሰምጥ ኩሬው ተመልሶ ይፈጠራል። ቦይ ሲጠረግ የወጣው ደለል በቦዩ ዳር ከተከመረ የሚቀጥለው ዝናብ ይመልሰዋልና ወዲያው መነሣት አለበት። ውኃን ከራስ ግቢ አውጥቶ ወደ ጎረቤት ወይም ወደ መንገድ መልቀቅ ማፋሰስ አይባልም፤ ኩሬውን ቦታ ማስቀየር ነው።

የተቃጠለ የመኪና ዘይት በኩሬ ላይ ማፍሰስ በአንዳንድ ቦታ ይታያል። ዘይቱ የትንኝ እጭን ቢያፍንም እጩን የሚበሉትን ነፍሳትም አብሮ ይጨርሳል፤ በጎርፍ ታጥቦ ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባል፣ ከወንዙም በታች አትክልት በመስኖ የሚያለሙ ሰዎች አሉ። የእጭ መግደያ ኬሚካል የሚረጨው በሠለጠነ ባለሙያ፣ ተፈትሾ እጭ በተገኘበት ውኃ ላይ ብቻ ነው።

የኩሬ ውኃ ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያ ወይም ለዕቃ ማጠቢያ መዋል የለበትም። የቧንቧ ውኃ በሚጠፋበት ጊዜ ከሌላ ምንጭ የተቀዳ ውኃ ማፍላት፣ ወይም ውኃ አጋርን የመሰለ የውኃ ማከሚያ በመመሪያው መሠረት መጨመር ያስፈልጋል። ውኃው ከደፈረሰ ማከሚያው ከመጨመሩ በፊት በጨርቅ መጣራት ይኖርበታል፤ ጭቃ ክሎሪኑን ያደክመዋል።

አገልግሎት ለማግኘት

ትኩሳት ያለበት፣ በተለይ በቅርቡ ከቆላ የተመለሰ ሰው በአቅራቢያው ወዳለው የመንግሥት ጤና ጣቢያ መሄድ ይችላል። በየሠፈሩ የሚዘዋወሩ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ግቢን አይተው ውኃ የሚያቁሩ ቦታዎችን ያመለክታሉ፤ በአካባቢው ያልተለመደ የትኩሳት መብዛት ከታየ ለእነርሱ ወይም ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ያስፈልጋል። የጤና ሚኒስቴር የነጻ ጥሪ ቁጥር 952፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት 8335 ነው።

የተደፈነ የመንገድ ዳር ቦይና ታጥሮ ያልተጠበቀ የግንባታ ጉድጓድ ለወረዳው አስተዳደር ይመለከታል። አቤቱታው የቦታውን ትክክለኛ መገኛና ውኃው ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ ቢገልጽ፣ ቢቻል ፎቶግራፍ ቢያያዝበት ሥራው ይፈጥናል። ውኃ የያዙ የካባ ጉድጓዶች ደግሞ ከትንኝ በፊት ሌላ አደጋ አለባቸው፤ በአዲስ አበባ በየክረምቱ ለዋና የገቡ ሕፃናትና ወጣቶች በእንዲህ ያሉ ጉድጓዶች ሕይወታቸውን ያጣሉ። ጭቃው ከዳር ጀምሮ ስለሚንሸራተትና የውኃው ጥልቀት ከላይ ስለማይታይ ዋና የሚያውቅ ሰውም አይወጣበትም። ሰው ከገባ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በ939 ይጠራል፤ እስኪደርስም ገመድ፣ ረጅም እንጨት ወይም አየር የያዘ ባዶ ጀሪካን ከዳር ሆኖ መወርወር እንጂ ተከትሎ መግባት አይገባም።